በ9 እና በ10 መካከል፤ የወባ የሕይወት ዑደት ሥዕል የሚዘለው የሕዋስ ክፍፍል

የወባን የሕይወት ዑደት የሚያሳየውን ሥዕል የማያውቅ የጤና ባለሙያ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንድ ወገን ትንኟ፣ በሌላው ወገን ጉበትና ቀይ የደም ሕዋሳት፣ በመካከላቸው የሚዞሩ ቀስቶች፣ በየደረጃው ደግሞ ከ1 እስከ 12 የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። ከእነዚህ ሥዕሎች ይበልጥ የታወቀው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ያዘጋጀውና ለዓመታት በሰፊው የተሠራጨው ነው። በመማሪያ መጻሕፍት፣ በሥልጠና ጽሑፎችና በላቦራቶሪ ግድግዳዎች ላይ የሚታዩት አብዛኞቹም ወይ የእርሱ ቅጂዎች ናቸው ወይም የእርሱን አካሄድ የተከተሉ ናቸው።

ሥዕሉ በጎ ጎን የለውም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። የወባ ተሕዋሲ በሰው ጉበት ውስጥ ተሰውሮ እንደሚቆይ፣ ትኩሳቱ የሚመጣው ቀይ የደም ሕዋሳት በሚፈነዱበት ጊዜ እንደሆነ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየውም የትኛው ደረጃ እንደሆነ በአንድ ገጽ ያስረዳል። ለታማሚ መድኃኒት ለሚሰጥ ባለሙያ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ነቀፌታ የሚገባው ቁጥር 9 ላይ ከተቀመጠው ዛይጎት ቁጥር 10 ላይ ወደተቀመጠው ኦኪኔት የምትሄደው አንዲት አጭር ቀስት ናት። ከሥዕሉ ጋር የሚቀርበው ማብራሪያ በዚህ ቦታ የሚናገረው ዛይጎቱ ተንቀሳቃሽና ሞላላ እንደሚሆን ብቻ ነው። አንባቢውም ክብ የነበረው ነገር እንደ ትል መርዘሙን ተረድቶ ያልፋል። ዳሩ ግን በዚያች ቀስት ውስጥ ሚዮሲስ አለ፤ ይኸውም የሁለት ወላጆች ክሮሞዞሞች ተጣምረው፣ ቁራጭ ተለዋውጠው፣ ከዚያም ቁጥራቸው በግማሽ የሚቀንስበት ክፍፍል ነው። ተሕዋሲው በመላው ዑደቱ ይህንን የሚያደርገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሥዕሉ የቅርጽ ለውጡን ተናግሮ የውርስ ለውጡን ዘሎታል።

ይህ ዝለት ብቻውን ቢሆን ኖሮ በቀላሉ በታረመ ነበር። የሚያባብሰው በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ስለ ሚዮሲስ የሚሰጠው ትምህርት ነው። ምዕራፉ እንደ ልማድ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በሰውና በእንስሳት የዘር ፍሬና የእንቁላል ማኅደር ውስጥ ነው። ተማሪው በቃሉ ይዞት የሚወጣው ዓረፍተ ነገር «ሚዮሲስ የጾታ ሕዋሳትን የሚያስገኝ ክፍፍል ነው» የሚል ነው። ለሰው፣ ለላምና ለፍየል ይህ እውነት ነው። ለወባ ተሕዋሲ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። በሰው ደም ውስጥ ያለው ተሕዋሲ ቀድሞውኑ 14 ክሮሞዞሞችን በነጠላ ስብስብ ብቻ የያዘ በመሆኑ ወንዴና ሴቴ ሕዋሳቱን ለማዘጋጀት ቁጥሩን መቀነስ አያስፈልገውም። ሚዮሲስ የሚመጣው ሁለቱ ከተዋሐዱ በኋላ ነው። ሁለቱን ትምህርቶች በትጋት ያጠና ተማሪ በስላይድ ላይ ጋሜቶሳይት ሲያይ የሚዮሲስ ውጤት ነው ብሎ ቢደመድም ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ሁለቱ ምዕራፎች አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁምና።

የሚዮሲስ ትምህርት ሌላም ድክመት አለበት። ሌፕቶቲን፣ ዛይጎቲን፣ ፓኪቲን እያለ የደረጃ ስሞችን ያስቆጥራል እንጂ ሂደቱ ለምን እንደዚያ እንደሚደክም አይናገርም። በከሚሴና በባቲ ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ እንስሳ ግን ጉዳዩን ከብዙ ሥዕል ይልቅ ያስረዳል፤ በቅሎ። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞሞች ሲኖራቸው የሁለቱ ልጅ በቅሎ 63 ይኖሯታል። የሰውነቷ ሕዋሳት በማይቶሲስ ያለ ችግር ይባዛሉ፤ ትጠነክራለች፣ ጭነት ትሸከማለች፣ ዳገት ትወጣለች። እክሉ የሚገጥማት ሚዮሲስ ላይ ሲደረስ ነው። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። በመራቢያ ሕዋሶቿ ውስጥ ግን አባትየውን መደበቅ አይቻልም። ከእናቷ የመጡት 32 ክሮሞዞሞችና ከአባቷ የመጡት 31 ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አቻ ይፈላለጋሉ፣ በአግባቡ ሊጣመሩም አይችሉም። እጅግ ጥቂት ከሆኑ እንግዳ አጋጣሚዎች በቀር በቅሎ የማትወልደው ከዚህ የተነሣ ነው። የሚዮሲስ ልቡ እንግዲህ መከፈሉ ሳይሆን ከመከፈል በፊት ያለው መጣመር ነው።

ለዚያ መጣመር ሕዋሱ የሚያደርገው ዝግጅት በአብዛኛው መማሪያ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነው። ሕዋሱ በቅድሚያ ዲ.ኤን.ኤ.ውን አንድ ጊዜ ይቀዳል። የተቀዱት መንትያ ክሮች ኮሂሲን በተባሉ ፕሮቲኖች እንደ ቀለበት ይታሰራሉ። ከዚያም ሕዋሱ ስፖ-11 በተባለ ኤንዛይም አማካይነት የገዛ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ሆን ብሎ በብዙ ቦታ ይቆርጣል። ቁስሉን የሚጠግነው አቻ ክሮሞዞሙን ፈልጎ፣ ከእርሱ ጋር ተጠግቶ፣ የእርሱን ቅጂ እንደ ሞዴል በመጠቀም ነው። የቁራጭ ልውውጥ የሚፈጠረው በዚህ ጥገና መካከል ነው። ጤነኛ ሕዋስ በራሱ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት ማድረሱ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ቢሆንም አቻ ክሮሞዞሞች ተፈላልገው የሚገናኙበት ዋነኛው መንገድ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ መሀል ላይ ዳግመኛ ቅጂ ሳይደረግ ሁለት ክፍፍሎች ይከታተላሉ። በሴት ልጅ እንቁላል ይህ ሂደት ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ተጀምሮ ለዐሥርተ ዓመታት ተቋርጦ ይቆያል። የወባ ተሕዋሲ ግን ተመሳሳዩን ሥራ ለመጨረስ ከአንድ ቀን አይበልጥበትም።

የጊዜ ሰሌዳው ሊጠና የሚገባው ነው። ትንኟ ደም ስትመጥ ጋሜቶሳይቶቹ ከሰው ገላ ሙቀት ወጥተው ወደሚቀዘቅዘው የትንኝ ሆድ ይገባሉ። የሙቀቱ መቀነስና በትንኟ አካል ውስጥ የሚገኘው ዛንቱሬኒክ አሲድ ይቀሰቅሷቸዋል። ወንዴው ጋሜቶሳይት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ሦስት ጊዜ ቀድቶ ጅራፍ የሚመስሉ 8 ወንዴ ሕዋሳትን ያወጣል። ፈረንሳዊው ወታደራዊ ሐኪም አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1880 አልጄሪያ ውስጥ በአንድ ወታደር ደም ላይ ያየው እንቅስቃሴ ይኸው ነበር፤ የወባ መንሥኤ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ያሳመነውም እርሱ ነው። ይህ ሁሉ ግን ማይቶሲስ እንጂ ሚዮሲስ አይደለም። ወንዴው ከሴቴው ጋር ከተዋሐደ በኋላ በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ዛይጎቱ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ቀድቶ ከሁለት ስብስብ ወደ አራት ያደርሳል። አቻ ክሮሞዞሞችም ይጣመራሉ። ሲንደንና ሃርትሊ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጽሑፍ ክሮሞዞሞቹን አጣምሮ የሚይዘውን መዋቅር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በማሳየት ሚዮሲሱ የሚፈጸመው በዚህ ሰዓት መሆኑን አረጋገጡ። የኒውክሊየሱ ሽፋን ሳይፈርስ ሥራው ከውስጥ ይከናወናል። ሕዋሱም ራሱ ለአራት አይከፈልም። አራቱ የተቀላቀሉ ስብስቦች በአንድ ኦኪኔት ውስጥ እንደታጨቁ የትንኟን የሆድ ግድግዳ ይሻገራሉ፤ የሚለያዩት በኦሲስቱ ውስጥ ነው። ከአንድ ኦሲስት የሚወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ስፖሮዞይቶች እስከ አራት ዓይነት ውርስ ሊኖራቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመው ዝግጅቱ የሚጀምርበት ስፍራ ነው። በአይጥ ወባ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ኔክ-2 እና ኔክ-4 የተባሉት ኤንዛይሞች ከሌሉ ዛይጎቱ ለሚዮሲስ የሚያስፈልገውን የዲ.ኤን.ኤ. ቅጂ ሊያደርግ እንደማይችል፣ ከዚህም የተነሣ ኦኪኔት እንደማይሆን አሳይተዋል። ለዛይጎቱና ለኦኪኔቱ የሚያስፈልጉ ብዙ መመሪያዎች ደግሞ ሴቴው ጋሜቶሳይት ገና በሰው ደም ውስጥ ሳለች ተጽፈው፣ ወደ ፕሮቲን ሳይተረጎሙ ታሽገው ይቀመጣሉ። የላቦራቶሪ ባለሙያው በጊምሳ በቀለመው ስላይድ ላይ የሚያያት ማጭድ መሰል ሴቴ ጋሜቶሳይት እንግዲህ ዝም ብላ የምትጠብቅ አይደለችም፤ ለትንኟ ሆድ ስንቋን ቋጥራ የተቀመጠች ናት። ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል በሰውና በትንኝ መካከል የሚያሰምረው ወፍራም መስመር ይህንን ይሰውራል።

ጉዳዩ የመማሪያ ክፍል ክርክር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው የአካባቢው ሁኔታ ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዞኑ የሚያልፈው ቦርከና ወንዝ ወደ አዋሽ ሲወርድ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል። በበጋ ወራት የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደዚያ የግጦሽ መሬት ይመጣሉ። ከወሎ ምድር ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ ሲመለሱም በደማቸው የያዙትን ይዘው ይመለሳሉ። በዞኑ የምትገኘው ባቲ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ላይ አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች ትንኝ ከተገኘችባቸው የምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች ጋር ተመዝግባለች። ይህች ትንኝ በውኃ በርሜልና በግንባታ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለምትራባ የዝናብን ወቅት ብዙም አትጠብቅም። ከተለያየ ቆላ የመጡ ተሕዋስያን በአንድ ሰው ደም ውስጥ የሚገናኙበት ዕድል እንዲህ ባለ መንገደኛ በበዛበት ስፍራ አለ። የሚዮሲስም ነገር የሚነሣው እነርሱ ሲገናኙ ነው።

መገናኘታቸው ምን እንደሚያስከትል ለማየት የፈጣን መመርመሪያውን ጉዳይ መውሰድ ይበቃል። በጤና ኬላዎች ለረጅም ጊዜ ሲሠራባቸው የቆዩት መመርመሪያዎች የፋልሲፓረምን ወባ የሚለዩት ኤች.አር.ፒ.-2 በተባለው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን የሚያዝዘው ጂን በ8ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ተቀራራቢ የሆነውና መመርመሪያው አንዳንዴ በስሕተት የሚይዘው ኤች.አር.ፒ.-3 ደግሞ በ13ኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ብቻ የጎደለው ተሕዋሲ ብዛቱ ከፍ ሲል በሁለተኛው ምክንያት መስመር ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱም የጎደሉት ግን ከመመርመሪያው ሙሉ በሙሉ ያመልጣል። እንግዲህ አንደኛው የጎደለው ተሕዋሲና ሌላኛው የጎደለው ተሕዋሲ በእኩል መጠን በአንዲት ትንኝ ሆድ ገቡ እንበል። ግማሹ ውሕደት ከራሱ ወገን ጋር ይሆናል። በቀረው ግማሽ ውስጥ ሚዮሲሱ 8ኛውንና 13ኛውን ክሮሞዞም ያለ አድልዎ ስለሚያከፋፍል ከልጆቹ አንድ አራተኛው ሁለቱንም ያጣሉ። ከጠቅላላው ሲሰላ ከ8 ስፖሮዞይቶች 1 ማለት ነው። ከዚያች ትንኝ ወላጆች መካከል አንዱም ያልነበረው ጠባይ በአንድ ሌሊት ተገኘ።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። ዲዲ-2 የተባለው የላቦራቶሪ ዝርያ ኤች.አር.ፒ.-2 ይጎድለዋል፤ ኤች.ቢ.-3 የተባለው ደግሞ ኤች.አር.ፒ.-3። ሁለቱን በማዳቀል የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ሲሆን ዓላማው ለክሎሮኪን አለመበገር ምክንያት የሆነውን ጂን መፈለግ ነበር። ከልጆቹ አንዱ፣ 3ቢዲ5 የሚባለው፣ ሁለቱንም ፕሮቲኖች አጥቶ ተገኘ። ዛሬ ላቦራቶሪዎች መመርመሪያዎችን ሲፈትሹ የሁለቱ ጂኖች መጉደል ማሳያ አድርገው ይጠቀሙበታል። የክሎሮኪኑን ፍለጋ መጀመሪያ በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ ወዳለ ሥፍራ፣ ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ጂኑ ያደረሰውም ያው የሚዮሲስ ልውውጥ ነው። ሥዕሉ የዘለላት ቀስት ባትኖር ኖሮ ይህ ዕውቀት በዚያ መንገድ ባልተገኘ ነበር።

በኢትዮጵያ የተገኘውም ማስረጃ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች በወባ ከተጠረጠሩ 12,572 ሰዎች የተገኘ መረጃን ተመርኩዞ በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶ የሚሆኑት በእነዚህ ጂኖች መጉደል ምክንያት በተለመደው መመርመሪያ ሳይገኙ ሊቀሩ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ እንዲቀየር የሚመክረው መጠኑ 5 በመቶ ሲደርስ ነው። በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በኬልች-13 ጂን 622ኛ ቦታ ላይ ያለውን፣ ከአርቴሚሲኒን ኃይል መዳከም ጋር የተያያዘውን ለውጥ በ8 በመቶ ገደማ ናሙናዎች አግኝቷል። ከእነዚህም መካከል መመርመሪያውን የሚያመልጡ ነበሩ። በ2022 በድሬዳዋ በተነሣው ወረርሽኝ ላይ የተደረገው ምርመራ አኖፊሊስ ስቴፈንሲን፣ የጂን መጉደልንና ይህንኑ ለውጥ በአንድ ከተማ አገናኝቶ አሳየ። በሀገሪቱ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸው ሲታሰብ የጉዳዩ ስፋት ይታያል።

እዚህ ላይ ተቃራኒ ስሕተት እንዳይሠራ መጠንቀቅ ይገባል። ሚዮሲስ የተዘለለበት ትምህርት ጎዶሎ እንደሆነ ሁሉ፣ «ተሕዋሲው በትንኝ ሆድ ውስጥ ተዳቅሎ መድኃኒት የማይበግረው ሆነ» የሚለው አነጋገርም የተሳሳተ ነው። ለውጡን የሚያመጣው የጂን መዛባት ነው። ለውጡን የሚያበዛው መድኃኒቱና መመርመሪያው የሚያደርጉት ምርጫ ነው። ሚዮሲስ ያለውን ያቀላቅላል፤ ሲያቀላቅልም የሚያጣምረውን ያህል ይበትናል። ሁለቱም ጂኖች የጎደሉት ተሕዋሲ ከሙሉው ጋር ቢዳቀል ከልጆቹ አንድ አራተኛው ብቻ ያንን ጠባይ ይዘው ይወጣሉ። በተመሳሳይ የዲ.ኤን.ኤ. ርዝመት ላይ የሚደረገው የቁራጭ ልውውጥም በወባ ተሕዋሲ ከሰው ይልቅ በብዙ ዐሥር እጥፍ የበዛ በመሆኑ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተራርቀው ያሉ ጂኖች እንኳ፣ ለምሳሌ በ13ኛው ላይ ያሉት ኬልች-13 እና ኤች.አር.ፒ.-3፣ ለረጅም ጊዜ አብረው አይዘልቁም። ወባ በጣም በሚበዛባቸው አካባቢዎች፣ አንድ ሰው ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን በሚሸከምበት ሁኔታ፣ የተገጣጠመው ቶሎ የሚፈርሰው በዚህ የተነሣ ነው። በኢትዮጵያ እንደሚታየው ሥርጭቱ ዝቅተኛና ወቅታዊ በሆነበት ስፍራ ደግሞ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ተሕዋሲ ብቻ ስለሚኖር ወንዴውና ሴቴው የአንድ ወገን ናቸው። ሚዮሲሱ ይፈጸማል፤ የሚለዋወጡት ቁራጮች ግን አንድ ዓይነት በመሆናቸው የሚታይ ለውጥ አይመጣም። የ2021ዱ ጥናት የኤች.አር.ፒ.-2 መጉደል በቅርብ ጊዜ ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ በጠንካራ ምርጫ መስፋፋቱን የሚያመለክት ፈለግ ማግኘቱ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ስለዚህ ጠያቂ ባለሙያ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ «ሚዮሲስ ተፈጸመ ወይ?» የሚል ሳይሆን «ማን ከማን ጋር ተገናኘ?» የሚል ነው። ከሚሴን የመሰለ መንገደኛ የሚበዛበት ቆላ በዚህ ጥያቄ ፊት ከገለልተኛ ሸለቆ የተለየ መልስ ይኖረዋል።

ክፍፍሉ ራሱ የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ። ኤች.ቢ.-3ን ጨምሮ በበርካታ ናሙናዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት፣ በ11ኛውና በ13ኛው ክሮሞዞሞች ላይ ያሉ እጅግ ተመሳሳይ ክፍሎች በስሕተት ተጣምረው ሲለዋወጡ የ13ኛው ጫፍ ከነኤች.አር.ፒ.-3 እንደሚቀርና በምትኩ የ11ኛው ጫፍ ሁለት ጊዜ እንደሚገኝ አሳይቷል። አጥኚዎቹ ይህ የደረሰው በሚዮሲስ ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። በሰው ልጅ ላይ ከሚዮሲስ ስሕተት የሚመጣውን የዳውን ሲንድሮም የሚያስተምር መምህር የወባው ተሕዋሲም በዚያው ሂደት ሊሳሳት እንደሚችል፣ ስሕተቱም ለሕዋሱ ሕመም ሳይሆን ከምርመራ ማምለጫ ሊሆንለት እንደሚችል ቢጨምር ምዕራፉ ሌላ ሕይወት ያገኝ ነበር።

በአማርኛው አነጋገርም ላይ አንድ ቃል መታየት አለበት። ትንኟ በየጽሑፉ «የወባ አስተላላፊ» ትባላለች። ቃሉ የተሳሳተ ባይሆንም የሚሥለው ደብዳቤ ተቀብሎ ያለ ለውጥ የሚያደርስ መልእክተኛን ነው። በጥገኛ ተሕዋስያን ሳይንስ ልማድ ግን ተሕዋሲው የጾታ ሕይወቱን የሚፈጽምበት አካል ዋናው አስተናጋጅ ይባላል። በዚህ ልኬት ዋናዋ ትንኟ ስትሆን ሰው መሸጋገሪያ ነው። ለሰው ልጅ ክብር የማይመች ቢመስልም እውነቱ ይኸው ነው። የተሰጣት ደብዳቤ በእጇ ተቀድዶ፣ ከሌላ ደብዳቤ ጋር ተገጣጥሞ፣ አዲስ ሆኖ ይወጣል። «አስተላላፊ» የሚለው ቃል ለኅብረተሰብ ትምህርት ይበቃ ይሆናል። ለጤና ባለሙያ ሥልጠና ግን «አስተናጋጅ» የሚለው አብሮት ካልተነገረ ሥዕሉ የጀመረውን ጉድለት ቋንቋው ያጸናዋል። አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በከሚሴ አካባቢ ሥዕሉ በእንግሊዝኛ ብቻ መቅረቱም የተማሪውን ጥያቄ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ወባ በኦሮምኛ ቡሳ ይባላል፤ ከበሽታው ስም አልፎ ወደ ተሕዋሲው ሕይወት የሚዘልቅ ሥዕል ግን በሁለቱም ቋንቋዎች ያስፈልጋል።

ማረሚያው ብዙ ቀለም አይጠይቅም። በ9 እና በ10 መካከል ሁለት ቀለም ያላቸው ክሮሞዞሞች ተጣምረው የሚታዩበት አንድ ክብ መጨመር፣ ከኦሲስቱ የሚወጡትን ስፖሮዞይቶች ደግሞ በአንድ ቀለም ሳይሆን በአራት መሣል ይበቃል። የሚዮሲስ ምዕራፍም «ክፍፍሉ በእንስሳት ከውሕደት በፊት፣ በወባ ተሕዋሲ ከውሕደት በኋላ» የሚል አንድ መስመር ቢያክል በቂ ነው።

እንዲህ ያለ ሥዕል ከፊቱ ያለ ባለሙያ ሦስት የዕለት ተዕለት ሥራዎችን በተለየ ዓይን ያያል። ትኩሳት እያለ ፈጣን መመርመሪያው ነጻ ነው ሲል ውጤቱን በመጠራጠር ወፍራምና ቀጭን የደም ስሚር ያስነብባል። በተለይ ታማሚው ከመተማ፣ ከሑመራ ወይም ከአፋር ቆላ የመጣ እንደሆነ ኤች.አር.ፒ.-2 ላይ ያልተመሠረተ፣ ለምሳሌ ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለውን ኤንዛይም የሚለይ መመርመሪያ ይፈልጋል። ስሚሩ ሲነበብ ጋሜቶሳይት መታየቱ በውጤት ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር ነውና። ሦስተኛው ፕሪማኩዊን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የመከረው የአንድ ጊዜ መጠን በኪሎ ግራም 0.25 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የታማሚውን ትኩሳት የሚያበርደው እርሱ አይደለም፤ ያ የኮአርተም ድርሻ ነው። ፕሪማኩዊኑ የሚገድለው የበሰሉትን ጋሜቶሳይቶች ነው፤ በሌላ አነጋገር በሚቀጥለው ምሽት በትንኟ ሆድ ውስጥ ሊካሄድ የነበረውን ሚዮሲስ ገና በታማሚው ደም ውስጥ ያስቀረዋል። ታማሚው «ተሽሎኛል፣ ይህ ደግሞ ለምኑ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ይመነጫል። ለነፍሰ ጡርና ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ግን አይሰጥም።